ከእሳት የሚያድን በር፦ አጭር ታሪኩና ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ትምህርት

ስለ በር ብዙ ጊዜ አይጻፍም። በር ሲከፈትና ሲዘጋ የሚውል፣ ሲሰበር ብቻ የሚታወስ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ባለፉት 140 ዓመታት በትምህርት ቤቶች፣ በቲያትር አዳራሾችና በፋብሪካዎች የደረሱት ታላላቅ አደጋዎች ሲመረመሩ፣ የብዙዎቹ ታሪክ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በአንድ በር ላይ ነው። በሩ ወይ መከፈት ሲገባው ተቆልፎ፣ ወይ መዘጋት ሲገባው ተከፍቶ ተገኝቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ታሪክ በአጭሩ አቅርቦ፣ መምህራንና ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ያሉትን በሮች ልብ ብለው እንዲመለከቱ ማድረግ ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ጁባ ውስጥ ያየሁት አንድ በር ነው። ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያች ከተማ ሄጄ ሳለ ያደርኩበት ማረፊያ ቤት ባለ ሦስት ፎቅ ነበር። ጄኔሬተሩ የተተከለው ከደረጃው ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ሲሆን፣ የነዳጅ በርሚሎቹም እዚያው አጠገቡ ተደርድረዋል። የክፍሏ በር ለኤሌክትሪክ ገመዱ ማለፊያ እንዲሆን በድንጋይ ተደግፎ ሌት ተቀን ክፍት ይውላል፤ ያድራል። በአንጻሩ ወደ ጓሮ የሚያስወጣው ብቸኛ በር ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በጓጉንቸር ይቆለፋል። ቁልፉም በዘበኛው ኪስ ይሆናል። ዘበኛው ዕድሜያቸው የገፋ ያገራችን ሰው ነበሩ። «አባቴ፣ ሌሊት እሳት ቢነሣ ይህ ሁሉ ሰው በየት ይወጣል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሳት በዓመት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፤ ሌባ ግን ሁልጊዜ ነው» አሉኝ።

መልሳቸው ሐሰት አልነበረም። ስለዚህም በዚያች ሌሊት ልመልስላቸው አልቻልኩም። ለጥያቄው ተገቢውን መልስ ለማግኘት ታሪክን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጁባና ሕንጻዎቿ

ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማብቂያ ላይ የእንግሊዝ አስተዳደር የአካባቢውን ዋና ከተማ ከሞንጋላ ወደዚያ ካዛወረ ወዲህ፣ የአስተዳዳሪዎችና የግሪክ ነጋዴዎች ቤቶች ተሠርተው ቀስ በቀስ አደገች። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1947 የደቡብ ሱዳን ዕጣ የተመከረበት የጁባ ጉባዔ የተካሄደው እዚያው ነው። በየካቲት 1964 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ስምምነት ሲፈረም ደግሞ ከተማይቱ የራስ ገዝ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች፤ የጁባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1977 ማስተማር ጀመረ።

የዛሬይቱ ጁባ ግን በአብዛኛው የተገነባችው እ.ኤ.አ. ከ2005 የሰላም ስምምነት በኋላ ነው። በመጀመሪያ እንግዳ የሚያድረው በወንዙ ዳር በተተከሉ ድንኳኖችና ከውጭ በመጡ ተገጣጣሚ ቤቶች ውስጥ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነት ከታወጀ በኋላ ባለ ፎቅ ሆቴሎች፣ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ተሠሩ። ከነዚህም በሆቴሉና በንግዱ ሥራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። 192 ኪሎ ሜትር የሆነው የጁባ ኒሙሌ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ለብሶ ሲጠናቀቅ፣ ሲሚንቶው፣ ላሜራውና በሩ ከኡጋንዳና ከኬንያ በብዛት ይገባ ጀመር። ከተማይቱ ለብዙ ዓመታት በቂ የሕዝብ መብራት ስላልነበራት፣ እያንዳንዱ ሕንጻ የራሱን ጄኔሬተርና የራሱን ነዳጅ ይዞ መኖር ግድ ሆነበት። በኮኞ ኮኞ ገበያ በተደጋጋሚ የደረሰው ቃጠሎም ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ በሚሠራበት ቦታ እሳት እንዴት እንደሚሮጥ ለነዋሪው አሳይቶታል።

እንግዲህ ነዳጅ ከመኝታ ክፍል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድርበት፣ ባለንብረቱም ከሌባ የተነሣ በሩን ሁሉ በብረት በሚያጥርበት ከተማ ውስጥ የበር ጉዳይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ይህ ደግሞ የጁባ ብቻ ጠባይ አይደለም።

የመጀመሪያው ትምህርት፦ መውጫ በር

እ.ኤ.አ. ሰኔ 16 ቀን 1883 በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ከተማ፣ ቪክቶሪያ ሆል በሚባል አዳራሽ ለሕፃናት የምትሃት ትርዒት ይታይ ነበር። በትርዒቱ ማብቂያ ላይ ከመድረኩ ስጦታ መታደል ሲጀምር፣ በላይኛው ሰገነት የነበሩት ልጆች እንዳያመልጣቸው በደረጃው እየተንጋጉ ወረዱ። ከደረጃው ግርጌ ያለው በር ግን ወደ ውስጥ የሚከፈት ሲሆን፣ አንድ ልጅ ብቻ በሚያሳልፍ ክፍተት ላይ በመቀርቀሪያ ተይዞ ነበር። ፊተኞቹ በበሩ ላይ ተጣበቁ፤ ኋለኞቹ በላያቸው ወደቁ። 183 ልጆች ታፍነው ሞቱ። በዚያ አዳራሽ እሳትም ጢስም አልነበረም። የገደላቸው በሩ ብቻ ነው።

ከዚህ አደጋ በኋላ የሕዝብ አዳራሽ በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ሮበርት አሌክሳንደር ብሪግስ የተባለ ሰውም እ.ኤ.አ. በ1892 አንድ አዲስ መቀርቀሪያ በስሙ አስመዘገበ። መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል ሲታይ የተዘጋ በር ነው፤ ማንም ሊከፍተው አይችልም። ከውስጥ በኩል ግን በበሩ ላይ በአግድም የተዘረጋውን ዘንግ አንድ ሕፃን እንኳ በሰውነቱ ሲገፋው ወዲያው ይለቃል። ቁልፍ መፈለግ፣ እጀታ ማዞር አያስፈልግም። ይህ የጁባውን ዘበኛ ጥያቄ ከ130 ዓመት በፊት የመለሰ ፈጠራ ስለ ሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው እጠይቃለሁ።

ሕግና ፈጠራ ቢኖሩም ልማድ ግን ቶሎ አልተለወጠም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1903 በቺካጎ የኢሮኮይ ቲያትር ሲቃጠል 602 ሰዎች አለቁ፤ ከመውጫዎቹ ብዙዎቹ ተቆልፈው ወይም በመጋረጃ ተሸፍነው ነበር። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ በትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች ሲሞቱ፣ በዘጠነኛው ፎቅ ከነበሩት ሁለት የደረጃ በሮች አንደኛው ተቆልፎ እንደ ነበር በፍርድ ቤት ተመስክሯል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ገና ወጣት የሆኑ ከውጭ አገር የመጡ ሴቶች ነበሩ። በሩ እንዲቆለፍ ያደረገውም ሠራተኛው ጨርቅ ሰርቆ እንዳይወጣ የሚል ሥጋት ነው። እነሆ፣ እዚህም ላይ ሌባና እሳት በአንድ በር ላይ ተገናኙ።

ሁለተኛው ትምህርት፦ እሳቱን የሚያግት በር

በር ሰውን ከማስወጣት ሌላ ሁለተኛ ግዳጅ አለበት፤ ይኸውም እሳቱንና ጢሱን በተነሡበት ክፍል አግቶ ማቆየት ነው። ይህን በመጀመሪያ አጥብቀው ያጠኑት በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎችን ዋስትና የሚሰጡ ኢንሹራንሶች ናቸው። ጥጥና ዘይት በሞላበት ፋብሪካ አንዱ ክፍል ሲቃጠል ሌላው እንዲተርፍ፣ በክፍሎች መካከል ወፍራም ግንብና የማያሳልፍ በር እንዲኖር ፈለጉ።

ብዙ ሰው እንደሚገምተው ለዚህ ሥራ የሚሻለው በር ወፍራም ብረት ይመስላል። ነገር ግን በተግባር የታየው ተቃራኒው ነው። ብረት ሲግል ይጣመማል፤ ከመቃኑ ይላቀቃል፤ ሙቀቱንም በሰፊው ወደ ማዶ ያሳልፋል። ከዚህ የተነሣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ ተደራርቦ የተሠራ የእንጨት በር፣ ዙሪያውን በቀጭን ቆርቆሮ ተለብጦ ሲሞከር ከብረቱ በር ይበልጥ ጸና። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆርቆሮው አየር ወደ እንጨቱ በቀላሉ እንዳይደርስ ያደርጋል፤ የእንጨቱም ፊት ሲከስል ከሰሉ ራሱ ለውስጡ መከለያ ይሆናል። ወፍራም እንጨት በእሳት ፊት በደቂቃ ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ፍጥነት ብቻ እንደሚከስል ዛሬ በሚገባ ታውቋል።

እነዚህ በሮች በክብደት ተስበው በራሳቸው እንዲዘጉም ተደረገ። በሩን ክፍት አድርጎ የሚይዘው ገመድ መካከል ላይ፣ በ74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚቀልጥ ቅይጥ ብረት ይገባበታል። ይህ ሙቀት ውኃ ከሚፈላበት ያነሰ ነው። እሳት ሲነሣ ቅይጡ ይቀልጣል፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ በሩም ሰው ሳይነካው ይዘጋል። ዘመናዊው የእሳት መከላከያ በር የዚህ ልጅ ነው። በፋብሪካ ተፈትኖ 30 ወይም 60 ደቂቃና ከዚያም በላይ እንዲቋቋም ይሠራል። በጠርዙ የተቀበረው ጥብጣብ ሙቀት ሲያገኘው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል። ከላይ የተገጠመው መዝጊያም በሩን በራሱ ይመልሰዋል።

የቺካጎው ትምህርት ቤት

ሁለቱ ትምህርቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሕንጻ የታዩበት አደጋ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1958 የደረሰው ነው። በቺካጎ ከተማ የመላእክት እመቤት የተባለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ውጪው ጡብ፣ ደረጃውና ወለሉ ግን እንጨት ነበር። ትምህርት ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው በአንደኛው ደረጃ ግርጌ በነበረ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ እሳት ተነሣ። በመጀመሪያው ፎቅ በደረጃውና በኮሪደሩ መካከል በር ነበረ፤ ያም በር ተዘግቶ ነበር። በሁለተኛው ፎቅ ግን እንዲህ ያለ በር አልነበረም። ስለዚህ እሳቱና ጢሱ የታችኛውን ፎቅ አልፈው፣ ደረጃውን እንደ ጭስ ማውጫ ተጠቅመው በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር ገቡ። መምህራኑ የክፍላቸውን በር ሲከፍቱ ኮሪደሩ በጥቁር ጢስ ተሞልቶ አገኙት። 92 ተማሪዎችና 3 መነኮሳይት መምህራት ሞቱ።

ይህ ትምህርት ቤት ከአደጋው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተመርምሮ አልፎ ነበር። አዲሱ የደኅንነት ደንብ አሮጌ ሕንጻዎችን ስለማይመለከት፣ በሁለተኛው ፎቅ የበሩ አለመኖር እንደ ጉድለት አልተቆጠረም። ከሐዘኑ በኋላ ግን በአሜሪካ ወደ 16,500 የሚሆኑ አሮጌ የትምህርት ቤት ሕንጻዎች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲታደሱ ተደርጓል። በአንድ ሕንጻ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ የተዘጋ በር ያለው ፎቅ ሲተርፍ በር የሌለው ፎቅ ጠፋ። ለበር ጥቅም ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በጎረቤቶቻችን የደረሰው

አንባቢ ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ነው እንዳይል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ እንመለስ። ለጁባም ቢሆን ዕቃው ብቻ ሳይሆን የትምህርት ቤት ልማዱም በብዛት የሚመጣው ከእነዚሁ አገሮች ነው።

በኬንያ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1998 በቦምቦሉሉ የልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 26 ተማሪዎች በተቆለፈ መኝታ ቤት ውስጥ ተቃጠሉ፤ መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 2001 በማቻኮስ አካባቢ በሚገኘው የኪያንጉሊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌሊት በቤንዚን በተለኮሰ እሳት 67 ወንዶች ተማሪዎች ሞቱ። መኝታ ቤቱ ሁለት በር ቢኖረውም አንደኛው ተቆልፎ ነበር፤ መስኮቶቹም የብረት ዘንግ ነበረባቸው። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2008 በቡዶ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በደረሰው ቃጠሎ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ትንንሽ ልጃገረዶች፣ ሕይወታቸውን አጡ።

የኬንያ የትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የትምህርት ቤቶች የደኅንነት መመሪያ፣ የመኝታ ቤት በር ቢያንስ 5 ጫማ ስፋት እንዲኖረው፣ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ ተማሪዎች ውስጥ ሳሉ ከውጭ እንዳይቆለፍ፣ በሁለቱም ጫፍ መውጫ እንዲኖርና መስኮቶች ፍርግርግ እንዳይኖራቸው አዘዘ። መመሪያው መልካም ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 በኒዬሪ አውራጃ በሂልሳይድ እንዳራሻ አካዳሚ 21 ወንዶች ልጆች እንደገና በመኝታ ቤታቸው ተቃጠሉ። ከዚህም የምንረዳው መመሪያ በመጽሐፍ መጻፉ ብቻ በሩን እንደማይከፍተው ነው።

በአገራችንም በቂ ማስጠንቀቂያ አለ። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ የአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል በሆነው በጣይቱ ሆቴል ላይ በደረሰው ቃጠሎ የታሪካዊው ሕንጻ ከፍተኛ ክፍልና በውስጡ የነበረው የሙዚቃ አዳራሽ ጠፍተዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው እሳት ሱቆችን እያያያዘ ብዙ ንብረት አውድሟል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕንጻ ደኅንነት እንዲጠበቅ ደንግጓል። ሕግ ግን ሕንጻውን የሚያየው በአብዛኛው ሲሠራ ነው። በሩን በየቀኑ የሚያየው በውስጡ የሚኖረው፣ የሚያስተምረውና የሚማረው ሰው ነው።

በር እንዴት ይመረመራል?

የበር ምርመራ ልዩ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ተማሪዎችም ከመምህራቸው ጋር ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው። በአሜሪካ ከ2007 ወዲህ ያለው ደንብ የእሳት መከላከያ በር በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2017 በግሬንፌል ሕንጻ 72 ሰዎች ከሞቱ በኋላ የብዙ ቤቶች በር በራሱ እንደማይዘጋ ስለታወቀ፣ ከ11 ሜትር በላይ በሆኑ የመኖሪያ ሕንጻዎች የጋራ በሮች በየሦስት ወሩ እንዲታዩ ታዝዟል። ለትምህርት ቤት፣ ለሆቴልና ለመሥሪያ ቤትም በየሦስት ወሩ መመርመር የማያዳግት ልማድ ነው።

ምርመራው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢካሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ የመውጫ በሮች ሁሉ ከውስጥ ያለ ቁልፍ መከፈታቸው ይረጋገጣል፤ በበሩ ፊትና ኋላም ወንበር፣ ጠረጴዛ ወይም ሌላ ዕቃ አለመቆለሉ ይታያል። ቀጥሎ የእሳት መከላከያው በር በግማሽ፣ ከዚያም እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ይለቀቃል፤ ማንም ሳይገፋው ዘግቶ ምላሱ ከመቃኑ መግባት አለበት። በድንጋይ፣ በሽብልቅ ወይም በገመድ ተደግፎ የሚውል በር ከናካቴው እንደሌለ ይቆጠራል።

ሦስተኛ፣ በበሩና በመቃኑ መካከል በላይና በጎን ያለው ክፍተት ይለካል። ክፍተቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ቢሆን መልካም ነው፤ የተማሪ እርሳስ የሚያሳልፍ ከሆነ ጢስም በገፍ ያሳልፋል። አራተኛ፣ ማጠፊያዎቹ ይነካካሉ፤ ብሎናቸው ላልቶ ወይም ወድቆ እንደ ሆነ ወዲያው ይጠበቃል። አምስተኛ፣ በበሩ አካል ላይ ስንጥቅ፣ ለገመድ ተብሎ የተበሳ ቀዳዳ፣ ወይም በተራ መስተዋት የተተካ መስኮት መኖሩ ይታያል። በጠርዙ ያለው ጥብጣብ አለመነቀሉም ይረጋገጣል። በመጨረሻም የበሩ ቁጥር፣ ቀኑ፣ የታየው ጉድለትና የመርማሪው ስም በመዝገብ ይጻፋል። በሚቀጥለው ምርመራ ያው ጉድለት እንደገና ከተጻፈ፣ የተበላሸው በሩ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ነው ማለት ነው።

በፋብሪካ የተፈተነ በር ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤት ተስፋ መቁረጥ አይገባውም። በሚገባ የተገጠመና የተዘጋ ወፍራም የእንጨት በር፣ በመለኪያ ባይፈተንም፣ ሰው የሚያመልጥባቸውን ጥቂት ደቂቃዎች ያስገኛል። ነዳጅን ከደረጃ ሥር ማውጣትና የመውጫን በር አለመቆለፍ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማጠቃለያ

የጁባው ሽማግሌ እሳትንና ሌባን አመዛዝነው ሌባውን መረጡ። በ1911 የኒውዮርኩ የፋብሪካ ባለቤት፣ በ1998 የቦምቦሉሉ የመኝታ ቤት ኃላፊ የመረጡትም ያንኑ ነው። ስሕተቱ ክፋት አይደለም፤ ሁለቱ አደጋዎች በአንድ ጓጉንቸር ሊመለሱ ይችላሉ ብሎ ማሰብ ነው። ሌባ የሚመጣው ከውጭ ሲሆን፣ ከእሳት የሚሸሸው ሰው ያለው ከውስጥ ነው። ስለዚህ ለውጩ የሚዘጋ፣ ለውስጡ የሚከፈት መቀርቀሪያ ሁለቱንም ይመልሳል። ይህንን መልስ ለማግኘት ሰንደርላንድ 183 ልጆች ከፍላለች።

ከመሄዴ በፊት ይህንኑ ለዘበኛው ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንዲህ ያለ መቀርቀሪያ እስኪገኝ ድረስ እኔ ከበሩ ሥር ነው የምተኛው» አሉኝ። በሚቀጥለው ሌሊት አልጋቸው ከበሩ አጠገብ ተዘርግቶ፣ ጓጉንቸሩም ተፈትቶ አየሁ። የጄኔሬተሩ ክፍል በር ግን ድንጋዩ እንደ ተደገፈ ነበር። የሙያ ባልደረቦቼ፣ በእናንተም ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ድንጋይ እንዳለ ነገ ጧት ከተማሪዎቻችሁ ጋር ሄዳችሁ እዩ።